«መከላከያው ነው ኩላሊቱን የጎዳው» ተባልኩ፤ እባካችሁ አስረዱኝ

የኮቺ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ናችሁ? የምጽፈው ከጅማ፣ መንደራ ኮቺ ነው። የ7 ዓመት ልጄን የዛሬ ወር ገደማ እከክ ያዘው። ሌሊት ሌሊት እየፎከተ እግሩንና መቀመጫውን አቆሰለው፤ ቁስሉም መግል ቋጠረና የማር መልክ ያለው ቅርፊት አወጣ። አንድ ክሊኒክ ወስጄው ቅባት ሰጡኝ። ቀባሁት፣ ደረቀለት፣ እኔም ተገላገልን ብዬ ረሳሁት።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሲነሳ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አልገለጥ አለ። የሆነ ነገር ነክሶት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ፖፖ ላይ ሲሸና አየሁት፤ ሽንቱ ቁርጥ ኮካ ነው የሚመስለው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሆስፒታል ስንደርስ የደም ግፊቱ ለልጅ ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኘና አስተኙት። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ እብጠቱ እየጎደለ ነው፣ ሽንቱም ፈካ ማለት ጀምሯል።

ሐኪሙ ዙር ላይ ስለነበረ ብዙ አልቆመም። «ጀርሙ ኩላሊቱ ውስጥ የለም፤ የገዛ መከላከያው ነው ኩላሊቱን የጎዳው» ብሎኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ይቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠኝ አደረች። የሰውነት መከላከያ የሚባለው የሚጠብቀን አይደለም እንዴ? የልጄ መከላከያ ደክሞ ነው ወይስ በዝቶበት? ምን ላብላው? ቶሎ ሆስፒታል ባለመውሰዴ ጥፋቱ የእኔ ነው?

የጂሬን ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። ልጅ እንዲህ የሚሆነው መከላከያው ሲደክም ነው። እኛ ቤት ጥቁር አዝሙድ ይወቀጥና በማር ተለውሶ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ይሰጣል፤ ነጭ ሽንኩርትም ጥሩ ነው። መከላከያውን ቀስቅሺለት፣ የቀረውን ራሱ ያደርገዋል። ንጹሕ ማር ካጣሽ ከአጋሮ አመጣልሻለሁ፤ ገንዘብ አልፈልግም፣ ለልጁ ነው።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እዚሁ ጅማ ላብራቶሪ ውስጥ 11 ዓመት ሽንት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የልጅሽን አላየሁም፣ የእሱን ዓይነት ግን ብዙ አይቻለሁ። ሐኪሙ ለመናገር ጊዜ ያላገኘውን እኔ በዓይኔ የማየው ስለሆነ ልንገርሽ።

ሽንቱን ቱቦ ውስጥ አድርገን ሴንትሪፊውጅ ላይ እናሽከረክረዋለን። ላዩን ደፍተን፣ ከታች ከዘቀጠው አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አሳርፈን፣ በስስ መስታወት ከድነን እናያለን፤ መጀመሪያ በ10 ሌንስ፣ ቀጥሎ በ40። ደሙ ከፊኛ ወይም ከጠጠር የመጣ ሲሆን ቀይ ሴሎቹ ክብ ክብ ናቸው፣ እንደ ሳንቲም እኩል። በኩላሊት ማጥለያ ሾልከው የመጡት ግን ተጨፍልቀዋል፣ ተቀዳደዋል፣ አንዳንዱም ጆሮ የመሰለ ቡጥ አውጥቷል። በጠባብ ቀዳዳ ተጋፍተው ማለፋቸው ያስታውቃል። ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ካስት የምንለው ነው፦ ቀይ ሴሎች በኩላሊቱ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ረግተው ይጣበቁና የቱቦውን ቅርጽ እንደያዙ ተነቅለው ይወጣሉ። አጭር፣ የሸክላ ቀለም ያላት ዘንግ ትመስላለች። እሷን ካየሁ ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፌ አልተውም፣ ወደ ዋርድ እደውላለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከቀይ ሴሎቹ አጠገብ ነጭ ሴሎች አሉ። ብዙ ሰው «ሽንትህ ውስጥ ነጭ ሴል አለ» ሲባል ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሊገዛ ይሄዳል። የእነዚህን ልጆች ሽንት ግን ጀርም ለማብቀል ካልቸር ስንዘራው ምንም አይበቅልም። ጠላት የለም፤ ወታደሩ ግን በጦር ሜዳው ላይ አለ። «ጀርሙ ኩላሊቱ ውስጥ የለም» ያለሽ ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ኤኤስኦ የሚባል የደም ምርመራ ታዞ ኔጋቲቭ ቢወጣ ግራ አትጋቢ። ስትሬፕቶኮከስ፣ ይህን በሽታ የሚያስነሳው ጀርም፣ በጉሮሮ ሲገባ ኤኤስኦ ከፍ ይላል። በቆዳ ቁስል ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ያኔ የተሻለው ምስክር አንቲ ዲኤንኤዝ ቢ የሚባለው የደም ምርመራ ነው።

የሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡15

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ የሕፃናት አይደለሁም፤ የልጅሽን ሕክምና የሚወስኑት የያዙት ሐኪሞች ናቸው። ተረኛ ነኝ፣ ዋርዱ ዝም ብሏል፣ ጥያቄሽን ሳልመልስ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ የመጨረሻውን ልመልስ፦ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ለቆዳው የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ቢወስድ ኖሮ ቁስሉ ቶሎ ይድን ነበር፣ ለወንድም ለእህቶቹም አያስተላልፍም ነበር። ኩላሊቱን ግን በእርግጠኝነት ያድነው ነበር ማለት አይቻልም።

አንድ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጥለያዎች አሉ፤ እያንዳንዷ ማጥለያ የተጠቀለለች የደም ስር ቋጠሮ ናት፣ ግሎሜሩለስ ትባላለች። ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንድ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ በአዋቂ ሰው በቀን እስከ 180 ሊትር ይጣራል፣ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ደም ውስጥ የተንሳፈፈ ነገር ሁሉ በዚያች ማጥለያ ማለፉ አይቀርም። ጠጅ ያጠለለ ሰው ጨርቁ ላይ ምን እንደሚቀር ያውቃል።

የልጅሽ ሰውነት በቆዳው የገባውን ጀርም አወቀና ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ጀርሙን የሚይዝ ፕሮቲን፣ ሠራበት። በትክክል ሠራ፤ መከላከያው ደካማ አይደለም። ከጀርሙ የወጡ ቅንጣቶችና ፀረ እንግዳ አካሎቹ ግን ተጣብቀው ማጥለያው ግድግዳ ላይ ተቀመጡ። በቆዳ ቁስል ጊዜ ይሄ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ በጉሮሮ ከሆነ ከ1 እስከ 3። ለዚህ ነው ቁስሉ ደርቆ ከተረሳ በኋላ የመጣብሽ። ኮምፕሊመንት የሚባሉ ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች የተጣበቀውን ሲያዩ ይቀጣጠላሉ፤ ሲቀጣጠሉ የሚረጩት ቁራጭ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ ሴሎች ይጠራል። ኒውትሮፊል ጀርም ሊያቃጥል የያዘውን ኤንዛይም እዚያው ማጥለያው ላይ ያፈሰዋል። ማጥለያው ያብጣል፣ በሴል ይጨናነቃል። ደም ይሾልካል፤ ሽንቱ ኮካ የመሰለው ለዚህ ነው። ማጣራቱም ስለሚቀንስ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ፊቱ ያበጠውና ግፊቱ የወጣው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ምን ላብላው ላልሽው፦ ጨው ቀንሺ። ሹሮም ይሁን ወጥ ያለ ጨው፤ የታሸገ ቺፕስና ብስኩት ለጊዜው ይቅር። የሚሰጡት መድኃኒቶች ውሃውን ለማውጣት፣ ግፊቱን ለማውረድና ቆዳው ላይ የቀረውን ጀርም ለመጨረስ ነው። አብዛኞቹ ልጆች በዚህ ብቻ ይድናሉ።

የጂሬን ልጅ፣ ወንድሜ፣ ማርህን ልጁ ሲድን በዳቦ ይብላው። አሁን ግን የሚያስፈልገው መከላከያውን መቀስቀስ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ነቅቷል።

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ባዮሎጂ 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። ልጆቼ፣ ይህን ክር ቡናዬን ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ስለነዚህ ሴሎች ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበረኝ። በ1882 እ.ኤ.አ. ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ ሩሲያዊ በሲሲሊ፣ መሲና ሳለ፣ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ገላ ያለውን የባሕር ኮከብ እጭ በጽጌረዳ እሾህ ወጋው። በማግስቱ ማይክሮስኮፑ ላይ ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። ሊበሉት ነው የመጡት። ማክሮፌጅ የሚለው የእነዚህ በላተኛ ሴሎች ስም ከግሪክኛ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

አንድ ተማሪ፣ ከሰቃ የመጣች ልጅ፣ አንድ ጊዜ የጠየቀችኝን እስከ ዛሬ በወጉ አልመለስኩም። «እሾሁን ከከበቡት በኋላ ማነው ወደ ቤታችሁ ግቡ የሚላቸው?» አለችኝ። ዶክተር፣ አንተ ታውቃለህ?

የሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ጋሼ፣ የተማሪዎ ጥያቄ ኩላሊት ሐኪሞች ዛሬም የሚያስቡበት ነው። አሁን ከእንቅልፌ ነቃሁ፣ ልሞክር።

ኒውትሮፊል ዕድሜው አጭር ነው፤ ሥራውን ሠርቶ እዚያው ይሞታል። ሬሳውን የሚያነሳው ማክሮፌጅ ነው። አስደናቂው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ማክሮፌጅ የሞተውን ኒውትሮፊል ሲውጠው ራሱ ይለወጣል። መጀመሪያ ሲመጣ ኡኡ የሚል፣ ሌሎችን የሚጠራ፣ እሳት የሚያቀጣጥል ነበር። ሬሳውን ሲውጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አጥፊ ኬሚካል መርጨቱን ይተውና የቆሰለውን ቱቦ ሴል «ተባዛ፣ ጥገናህን ጀምር» የሚል ምልክት መልቀቅ ይይዛል። ማለትም «ወደ ቤታችሁ ግቡ» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ጦርነቱ ካለቀበት ከራሱ ሜዳ፣ ከሙታኑ ነው። ከጎኑ ደግሞ ቲ ሴል ከሚባሉት ነጭ ሴሎች ወገን ተቆጣጣሪ ቲ ሴል የሚባሉ አሉ፣ የሌሎቹን ቲ ሴሎች ቁጣ የሚያበርዱ።

በአይጦች ላይ የተሠራው ሙከራ ይሄን በግልጽ ያሳያል። የኩላሊታቸው የደም ዝውውር ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ፣ ማክሮፌጆቻቸው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ቢወገዱ ኩላሊቱ የሚጎዳው ያነሰ ነው። በኋላ፣ በጥገናው ቀናት ቢወገዱ ግን ማገገሙ ይጓተታል። ያው አንድ ሴል ነው። ጠዋት አፍራሽ፣ ማታ ግንበኛ። ስለዚህ «መከላከያ ይጨመር» ወይም «መከላከያ ይቀነስ» የሚባለው ነገር ለእኔ ጥያቄውን የሚያበላሽ ነው። የትኛው ሴል? በየትኛው ቀን? ብሎ መጠየቅ ነው።

አሰንዳቦ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

የውስጤን ጻፍክልኝ ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ጥቅምት ወባ ያዘው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው። እዚህ ግልገል ጊቤ ዳር ወባ እንግዳችን አይደለም፣ ግን እንዲህ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽንት አቆመ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ወባው በመርፌ ጠፋ ተባለ፤ ኩላሊቱ ግን አልነቃም። ስድስት ጊዜ ታጠበ። በእጥበት ማሽኑ ሥር ተኝቶ እጄን ይዞ «ወባው ከሞተ ምንድነው የሚጠብቀው?» ይለኝ ነበር፤ መልስ አልነበረኝም። በ17ኛው ቀን ግማሽ ኩባያ ሸና። እናታችን ኩባያውን ይዛ እልል አለች፣ ዋርዱ በሙሉ አለቀሰ።

አሁን እርሻ ላይ ነው። ክሪያቲኒኑ፣ ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚበዛው ቆሻሻ፣ ግን 1.8 ላይ ቆሟል። ሰው ደህና ነው ይለዋል፣ እሱም ቀጠሮውን ትቶታል። ልክ ነው?

የሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልክ አይደለም። እባክህ ይዘኸው ና።

«ምንድነው የሚጠብቀው» ላለው መልሱ ይሄ ነው። በከባድ ወባ የታመሙ ቀይ ሴሎች ቀጫጭን ደም ስሮችን ይዘጋሉ፣ የፈረሱት ሴሎች ቀለምም ቱቦዎቹን ይጎዳል። የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ኦክስጅን ሲያጡ ይሞታሉ፤ ሲሞቱ ከሆዳቸው የሚፈሰው ነገር ልክ እንደ ጀርም «አደጋ!» ብሎ ይጮሃል። ኒውትሮፊል በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፣ ሞኖሳይት ይከተላል፤ ሞኖሳይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ነው ማክሮፌጅ የሚሆነው። ጥገናው ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። ወንድምህ እነዚያን 17 ቀናት የጠበቀው በሕይወት የተረፉት የቱቦ ሴሎች ተባዝተው ባዶውን ግድግዳ እስኪለብሱት ነው።

አንዳንዴ ግን ጥገናው በጊዜው አያቆምም። ማክሮፌጅና የቆሰሉ ሴሎች ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለውን ምልክት መልቀቅ ከቀጠሉ፣ ጠባሳ የሚሠሩ ሴሎች ክሩን መፍተል አይተዉም። ቆዳ ላይ ጠባሳ ብዙ አይጎዳም። ኩላሊት ውስጥ ግን ጠባሳ ኔፍሮንን፣ ማጥለያዋን ከነቱቦዋ፣ አንቆ ይገድላል፤ ሰው ደግሞ ከተወለደ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አያበቅልም። 1.8 ማለት የተወሰነው አልተመለሰም ማለት ሊሆን ይችላል።

ከልቤ የሚያሳዝነኝ ነገር ይሄ ነው። በእጥበት ያዳንናቸው ሰዎች በእግራቸው ሲወጡ እናጨበጭባለን፤ ከዚያ አይመለሱም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱም ኩላሊት አልቆ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ ሌሊት በቃሬዛ ይመጣሉ። በመካከሉ የሚያስፈልገው ግፊት መለካት፣ ክሪያቲኒን፣ የሽንት ፕሮቲን ነበር። ወገቡን ሲያመው ደግሞ ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ እንዳይወጋ፤ ለተጎዳ ኩላሊት የሚደርሰውን ደም ይቀንስበታል።

ቢራቢሮ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

የኮቺ እናት፣ እኔ ስላንቺ ልጅ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም የእሱ እሳት ራሱ ይጠፋል። የእኔ ሉፐስ ነው። ፊቴ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ሽፍታ ስለነበረኝ ነው ስሜን እንዲህ ያልኩት።

የእኔ መከላከያ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው በገዛ ዲኤንኤዬ ላይ ነው። የሚሄድ እንግዳ የለም፤ ስለዚህ ወታደሩ ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን የለውም። ሽንቴ አረፋ ሲሞላ፣ እንደ ሳሙና ውሃ፣ በመርፌ ከኩላሊቴ ናሙና ወስደው አዩት። ከዚያ ፕሬድኒሶሎን ጀመርኩ፣ መከላከያን የሚያወርድ ስቴሮይድ።

ፊቴ በመድኃኒቱ ሲነፋ አንዲት የማምናት ሰው «ይሄ መርዝ ነው፣ ተይው» አለችኝ። ተውኩት፣ በአንድ ቀን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዝለፍልፌ ወደቅኩ፤ ቆይቶ ኩላሊቴ ከበፊቱ ብሶ ተገኘ። ለማንም የምለምነው፦ ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ስትወስዱ ከቆያችሁ በአንዴ አታቁሙት። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ፣ ኮርቲዞልን፣ መሥራት ረስቷል፤ ሐኪም ነው ቀስ እያለ የሚያወርደው። አሁን በትንሽ መጠን ላይ ነኝ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንም እወስዳለሁ፣ ከፀሐይ እሸሸጋለሁ፣ ልጅም ወልጃለሁ።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡55

እህቴ፣ ስለተናገርሽው አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ለአገራችን ስለሚገባ። እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመራችን በፊት የተደበቀ ቲቢ እንዳለ እንጠይቃለን፣ ሰገራም እናያለን። ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ትል አለ፤ በባዶ እግር ከአፈር ይገባል፣ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። መከላከያው በስቴሮይድ ሲወርድ ግን ተባዝቶ ወደ ሳንባ ይወጣል፣ ይገድላልም። አስቀድሞ የትሉን መድኃኒት አይቨርመክቲን መስጠት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው መከላከያው ለምን እንደሚያስፈልገን የሚታየው።

ሁለተኛ ዕድል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡04

ሰዓቴ ጮኾ ክኒኔን ዋጥ አድርጌ ነው የምጽፈው። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት፤ አራት ዓመት አንድ ቀን አላሳለፍኩም። የታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ሆዴ ውስጥ አለ።

አገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ1954 ቦስተን ሲደረግ ሰጪና ተቀባዩ መንታዎች ነበሩ፣ ከአንድ እንቁላል የተገኙ። መከላከያው ልዩነታቸውን አላወቀም። እኔና ወንድሜ ግን መንታ አይደለንም። ቲ ሴሎቼ በማንኛውም ጠዋት «ይሄ የማነው?» ሊሉ ይችላሉ። የሚያስተኛቸው ታክሮሊመስ ነው፤ በ1984 ጃፓን ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ። ሲያንስ ቲ ሴሉ ይነሳል፣ ሲበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለዚህ ነው ለቁጥጥር ስሄድ የጠዋቱን ክኒን ሳልውጥ ደም የምሰጠው፣ መጠኑ በደም እንዲለካ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክኒኗን በመሐረብ ቋጥሬ አውቶቡስ ላይ ይዣት እሄዳለሁ።

የጂሬን ልጅ፣ በቅን ልብ የሰጠኸውን ምክር ሰዎች ለእኔም ይሰጡኛል። «መከላከያህን አጠንክር» ይሉኛል። ለእኔ መከላከያ ማጠንከር የወንድሜን ኩላሊት ማጣት ነው። ታክሮሊመሱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ምግቦችም አሉ፣ ግሬፕፍሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ሳልጠይቅ ምንም አልቀምስም።

የጂሬን ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም አፉ በሉኝ። በቀና ነው ያልኩት፣ ግን ሳላውቅ ነው ያልኩት። አሁን የሚያሳስበኝ አያቴ ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ኤናላፕሪል ታዘዘላቸው፤ እሳቸው ግን ከገበያ የተገዛ የሥር ቅልቅል ይጠጣሉ። ስሙን ሻጩም አይናገርም።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

አፉ ብለናል ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም። አያትህን ኤናላፕሪሉን እንዳይተዉ ለምንልኝ፤ ማጥለያው ላይ ያለውን ግፊት ይቀንሳል። ስኳር ኩላሊትን የሚያቆስለው እንደ ሉፐስ በፀረ እንግዳ አካል አይደለም፣ ግን ስኳር ያቆሰለው ኩላሊት ውስጥም ማክሮፌጅ ይሰበሰባል፣ ጠባሳውን ያፋጥናል። ሥሩን በሚመለከት፦ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው አለቀ፤ አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል ገብቶበት ነበር። ሁሉ ዕፅ መጥፎ ነው አልልም፤ ስሙ የማይታወቀውን ግን ለታመመ ኩላሊት አልሰጥም።

የኮቺ እናት | ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ልጄ ወጣ! ከሆስፒታል የወጣነው ያኔ በዚያው ሳምንት ነው፣ ዓርብ። እብጠቱ ጠፋ፣ ግፊቱ ወረደ፣ ሽንቱም ሽንት መሰለ። ቤት እንደገባን የነገሩኝን አደረግሁ፦ የእከኩን ቅባት ቤንዛይል ቤንዞት ገዝቼ ሁላችንም በአንድ ሌሊት ተቀባን፣ ከአንገት እስከ ጥፍር። አንሶላውንና ልብሱን በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ታናሽ እህቱም እጇ መሃል ላይ ጀምሯት ነበር፤ ሳይቆስልባት ደረስኩላት።

ጋሼ መምህር፣ የተማሪዎን ታሪክ ለልጄ ነገርኩት። «እሾሁን የከበቡት የእኔም ሆድ ውስጥ ነበሩ?» አለኝ። ነበሩ አልኩት።

አሁን የቀረኝ ሲ3 የሚባለው ምርመራ ነው፣ በ8ኛው ሳምንት ይደገም ተብሏል። ትናንት የሽንት ምርመራው ላይ «ጥቂት ቀይ ሴል» ብለው ጻፉ። በዓይን ምንም አይታይም። ደንግጫለሁ።

ማይክሮስኮፕ | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡05

እንኳን ደስ አለሽ! ስለ ጥቂቱ ቀይ ሴል አትደንግጪ፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየው ከአንድ ዓመት በላይም ሊቆይ ይችላል፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲ3 ግን እንዳትተዪው፤ ከኮምፕሊመንቶቹ አንዱ ነው። ኮምፕሊመንቱ እሳቱ ላይ ተቃጥሎ ስለነበረ ነው የወረደው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ሳይመለስ ከቀረ ሌላ በሽታ መኖሩን ሐኪሞቹ መፈለግ አለባቸው።

ሽንቱን ስታመጪ የጠዋት የመጀመሪያውን አድርጊው። ትንሽ አፍስሶ መሃሉን ይያዝ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ። ታክሲ ስትጠብቂ አንድ ሰዓት እንዳያልፍበት፤ ካስት ካለ ይፈርሳል፣ ሴሎቹም ይሟሟሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከመጣሽ እኔው ራሴ አየዋለሁ።

የኮቺ እናት | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡12

ኢንሻአላህ ማክሰኞ እንመጣለን። እሱ ደግሞ «እኔም በዚያ መስታወት ልይ» እያለ ነው።

ማይክሮስኮፕ | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡15

ያይ እንጂ! ሌንሱ ጋ እንዲደርስ በርጩማዬን አዘጋጅለታለሁ።